አማቴ «እርግዝና ነው» ያሉት ሆዴ

ሆዴ መነፋት የጀመረው ሰርጌ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። አንድ ሆድ ለመነፋት ከዚህ የተመቸ ጊዜ መርጦ አያውቅም።

ነገሩ የሆነው የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ከመከበሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በኬንያዋ ሞያሌ ነው። አባቴ ከድንበሩ ማዶ የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እናቴ እዚሁ የተወለደች ቡርጂ ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና ገና ልጅ ሳለሁ ሞተችብኝ። እኔ ሰናይት፣ መጋረጃና አንሶላ የምሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበረኝ። ሽቶ ሳልቀባ ደጅ አልወጣም። ሰው ፊት ማስነጠስ የሚያሳፍረኝ፣ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ገበያ የምሄድ መስዬ የምወጣ ሴት ነበርኩ። ፈጣሪ እንዲህ ያለውን ሰው ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም መሰለኝ።

እጮኛዬ ዮናስ ጉምሩክ በር ላይ የጭነት ወረቀት የሚያስጨርስ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ለሁሉም ነገር «ችግር የለም፣ ይጨረሳል» የሚል ልጅ ነበር። እናቱ እትዬ አስካለ ደግሞ ድንበሩ በሁለቱም ወገን የሚያውቃቸው የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸውን ለእኔ ለመስጠት የተስማሙት የተሻለች እስክትገኝ ድረስ ይመስል ነበር። በገበያው ቦይ አጠገብ ሲያልፉ አፍንጫቸውን በነጠላቸው የሚይዙትን ያህል፣ ቤቴ ሲገቡም አንዳንዴ የሚይዙት ይመስለኝ ነበር።

ያን ሰሞን ሆዴ ደረቀ። ለቀናት ሽንት ቤት እየገባሁ እንደገባሁ ወጣሁ። የፋርማሲው ልጅ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሸጠልኝ። አንዷ ጎረቤቴ በለብታ ውሃ ጨው በጥብጣ አጠጣችኝ፣ ሌላዋ ሆዴን በዘይት አሸችኝ፣ ሦስተኛዋ የሰው ዓይን ነው ብላ ደመደመች። ምክር በነጻ በሚታደልበት ከተማ መታመም ትልቅ ዕድል ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰገራው ይቅርና አየር እንኳ ከሰውነቴ አልወጣም። አንድ ቀን ጧት ስነሳ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ቀሚሴ አልዘጋ አለ።

እትዬ አስካለ የሰርጉን ልብስ ሊያስለኩኝ የመጡት በዚያው ጧት ነው። በሩ ላይ ቆመው ከላይ ወደ ታች አዩኝ። ዓይናቸው መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። እኔ ሆዴን ይዤ አቃስታለሁ፣ እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ወር ይቆጥራሉ።

«የማን ነው?» አሉኝ።

ልመልስ አፌን ስከፍት ሕመሙ ጠመዘዘኝና አልጋው ላይ ወደቅሁ። ይህንንም እንደ እምነት ቃል ወሰዱት። ወዲያው እጄን ይዘው ወደ ክሊኒክ ይጎትቱኝ ጀመር። እንዳትሳሳቱ፣ ሊያሳክሙኝ አልነበረም። በሐኪም ፊት አስመርምረው፣ እርግዝናዬን አረጋግጠው፣ ሰርጉን በማስረጃ ሊያፈርሱ ነው።

ክሊኒኩ ሽንቴን መረመረና እርግዝና የለም አለ። እትዬ አስካለ እንዲደገም ጠየቁ። ተደገመ፣ አሁንም የለም። የመመርመሪያው ዕቃ ጊዜው ያለፈበት መሆን አለበት ብለው ሊከራከሩ ሲጀምሩ እኔ በባልዲው ላይ አጎንብሼ ማስመለስ ጀመርኩ። ይህ ደግሞ ማስረጃቸውን አጠናከረላቸው። የክሊኒኩ ባለሙያ ግን ሆዴን በጣቶቹ መታ መታ አድርጎ ሲያዳምጥ ፊቱ ተለወጠ። አየር ወጥቶልሽ ያውቃል ብሎ ጠየቀኝ። በአማቴ ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ከሕመሙ ይልቅ እፍረቱ ሊገድለኝ ነበር። አልወጣም አልኩት። አንጀቷ ሳይዘጋ አይቀርም፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ዘንድ አሁኑኑ ትድረስ አለ። ሐኪሙ ያለው ሶሎሎ፣ የሚስዮን ሆስፒታሉ ውስጥ ነው።

ዛሬ አስፋልት ስለገባ ሶሎሎ ቅርብ ነው። ያኔ ግን መንገዱ ድንጋይና ጉድጓድ ብቻ ነበር። ወደዚያ የሚሄድ ፍየል የጫነ ካንተር መኪና ተገኘ። ዮናስ ከቢሮው ወጥቶ መኪናው ድረስ መጣ። ከእኔ ጋር እጅ ከመያያዝ ያለፈ ነገር ስላላደረገ፣ ሆዴ ውስጥ ያለው የእሱ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበር። በዚህ ልክ ነበር። ግንባሬን ሳም አድርጎ፣ የተሰለፉ መኪኖች ስላሉበት እንጂ አብሮኝ ይሄድ እንደነበር ነገረኝ። እናቱን ደግሞ ወደ ጎን ወስዶ ምርመራው ምን አለ ብሎ ጠየቃቸው። ከዚያም «ችግር የለም፣ ይጨረሳል» ብሎ የካንተሩን በር ዘጋልን። አባቴ ናይሮቢ መንገድ ላይ ስለነበረ፣ በዚህ ዓለም ላይ ያለኝ አስታማሚ ልጃቸውን ከእኔ ሊያስጥሉ የመጡት ሴትዮ ብቻ ሆኑ።

በሾፌሩና በእሳቸው መሃል ተቀመጥኩ። ከኋላ ፍየሎቹ ይጮሃሉ፣ ከፊት እኔ። በአማርኛችን አንጀት ስንት ሥራ አለው፦ ይራራል፣ ይበላል፣ ይቆረጣል፣ ይርሳል። የእኔው ከዚህ ሁሉ መጠምዘዝን መርጦ በየጉድጓዱ ሲያስነሳኝ፣ እትዬ አስካለ በጆሮዬ ምርመራቸውን ቀጠሉ። አባትየው ባለትዳር ይሆን? ሶማሌ ነው? ከሾፌሮቹ አንዱ ነው? ሾፌራችን ይህን ሲሰማ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ።

ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ያስመለስኩት ነገር ሽታው የትውከት ሽታ አልነበረም። ከላይ መውጣት የሌለበት ነገር ሽታ ነበር። እትዬ አስካለ የማስመልስበትን ሳህን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። ምርመራው በዚያው ቆመ። ነጠላቸውን አውልቀው፣ መኪናው ሲነጥር ሆዴ እንዳይናወጥ ዙሪያዬን ጠምጥመው ያዙት። ለሾፌሩም ቀስ በል፣ አይ ፍጠን፣ አይ ቀስ በል እያሉ መምራት ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ከአፋቸው የሰማሁት የማርያምን ስም ብቻ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለን ሐኪም ወጣት ኬንያዊ ነበር። ሆዴን ነካካ፣ ራጅ አስነሳኝ፣ ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሱ አማርኛ አይችልም፤ እትዬ አስካለ ደግሞ በስዋሂሊ ከበርበሬ ዋጋ ያለፈ ወሬ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ሞቴን ለአማቴ የማስተረጉመው እኔው ራሴ ሆንኩ። ብዙ ሰው ይህ ዕድል አይገጥመውም።

የታችኛው አንጀቴ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ ደም ተቋርጦበታል፣ ምናልባትም ሞቷል፣ ካልወጣ ይፈነዳል አለ። ይህንን ተረጎምኩላቸው። የሞተውን ቆርጦ ጤነኞቹን ጫፎች ወዲያው መስፋት አደገኛ ነው፣ ባበጠና በተመረዘ ሆድ ውስጥ ስፌቱ አይይዝም አለ። ይህንንም ተረጎምኩ። ከዚያም የላይኛውን ጫፍ በሆዴ ቆዳ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ እንደሚያወጣው፣ ሰገራው በዚያ በኩል ከረጢት ውስጥ እንደሚወርድ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ከጠነከርኩ ተመልሶ እንደሚቀጠል ነገረኝ።

ይህንን አልተረጎምኩም።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ቀዶ ሕክምና ነው አለ።»

«እሱን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ አወራ።»

ሐኪሙ ይጠብቀናል። ሕመሙ ግን አይጠብቅም። ነገርኳቸው። በሆዴ በኩል ይወጣል አልኳቸው፣ ምን እንደሚወጣም በስሙ ጠራሁላቸው። ሽቶ ሳልቀባ ደጅ የማልወጣው እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። እትዬ አስካለ «ሰርጉስ?» አሉ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደጠየቁ ጠየቀኝ። ለማያውቀኝ ሰው፣ ልሞት ስል አማቴ ስለ ድግስ ያስባሉ ብዬ መናገር አቃተኝ። «ትተርፋለች ወይ ነው የሚሉት» አልኩት በስዋሂሊ። ሐኪሙ አየት አድርጎኝ፣ ከፈጠንን አዎ፣ ካመነታን ግን እንጃ ብሎ መለሰ። እኔም ፈቃዴን በፊርማዬ ሰጠሁ።

አልጋውን እየገፉ ሲወስዱኝ እትዬ አስካለ አጠገቤ እየተራመዱ እጄን ያዙኝ።

«እኔ እንደዚያ አላልኩም» አሉኝ። «በዚህ ድንበር ላይ የኖርኩትን ያህል ኖሬ ሀሩሲና መትረፍ የማልለይ መሰለሽ?» ሀሩሲ በስዋሂሊ ሰርግ ማለት ነው። በሩ ሊዘጋ ሲል ደግሞ፣ «ማለት የነበረብኝ ግን ያልሽውን ነው» ብለው እጄን ለቀቁኝ።

ስነቃ በሕይወት ነበርኩ። የጠዋት ብርሃን በመስኮቱ ገብቷል። ሆዴ ሟሽሾ ተኝቷል። በግራ በኩል ግን ያልጠራሁት እንግዳ ተቀምጧል፦ ቀይ፣ እርጥብ፣ ሊናገር የተሞጠሞጠ ከንፈር የመሰለ ነገር። በላዩ ግልጽ ከረጢት ተለጥፎበታል። ሰውነቴ ዕድሜ ልኬን የደበቅሁትን ሁሉ በመስኮት አሳይቶ ለመኖር ወስኗል ማለት ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ፣ ሳለቅስ ስፌቱ ስለሚያመኝ ማልቀሱም አልተሳካልኝም።

ነርሷ ከረጢቱ እንዴት እንደሚጸዳ ልታስተምረን መጣች። በለብታ ውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ የከረጢቱ ቀዳዳ በልኩ ተቆርጦ ነው የሚለጠፈው። ሰፋ ካለ ሰገራው ቆዳውን ያቃጥለዋል። እኔ ላየው አልፈለግሁም። ነርሷ ወደ አስታማሚዬ ዞረች። እትዬ አስካለ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መጀመሪያ ሲከፍቱት ወደ ደጅ ሮጡ፣ ሲያስመልሳቸው በመስኮቱ ሰማሁ። አይመለሱም ብዬ ነበር። ተመለሱ። አጥበው፣ አድርቀው፣ ለጥፈው ሲጨርሱ ላብ በላብ ሆነዋል።

«አመሰግንዎታለሁ» አልኩ፣ ፊቴን ሳላዞር።

«ይህን አጥቤልሽማ አንቱ አትበይኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንቱ ብያት አላውቅም። በዚህ ታሪክም ከዚህ ወዲያ አልልም።

አጠገቤ ከጎልቦ ቆላ የመጣች አንዲት የቦረና እናት ነበረች። ልጇ ሲወለድ የሰገራ መውጫ ቀዳዳ ስላልነበረው ለእሱም እንደ እኔው በሆዱ በኩል ተከፍቶለታል። ይህ ነገር ለሰው የሚደረገው በእኔ ዓይነቱ ሕመም ምክንያት ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት በእሷ ነው። ኋላ ሐኪሙ እንደነገረኝ ዕጢ የዘጋው አለ፣ ጥይት የበሳው አለ፣ በሬ የወጋው አለ። እኔ አንሶላውን እስከ አገጬ ስስብ ያቺ እናት በኦሮምኛ ትስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን የልጇን ልብስ ገልጣ ወደ አልጋዬ አስጠጋችውና፣ የእሱ ያምራል ወይስ ያንቺ ብላ ጠየቀችኝ። የእሱ ያምር ነበር። የራሴን መጀመሪያ በደንብ ያየሁት ለማወዳደር ስል ነው።

ዮናስ ከቀናት በኋላ የማንጎ ጭማቂ ይዞ መጣ። ሸሚዙ አልተጨማደደም። ስለ መንገዱ፣ ስለ አቧራው፣ ስለ መኪኖቹ እያወራ ሳለ ሆዴ ላይ ያለው እንግዳ ድምፅ አሰማ። ይህ ነገር ጡንቻ ስለሌለው ያዝ ቢሉት አይዝም፤ ሲያሰኘው ይናገራል። ዮናስ ንግግሩን አቋረጠና ወደ አንሶላው አየ። ከረጢቱ ቀስ እያለ ሲነፋ በአንሶላው ላይ ይታያል። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አስቸኳይ ጥሪ ነው ብሎ ወጣ። በዚያ ግቢ ውስጥ ኔትወርክ እንደሌለ ሆዱ የተከፈተለት ሕፃን እንኳ ሳያውቅ አይቀርም። ጥሪው ረጅም ነበር፤ ሞያሌ ድረስ ወሰደው።

ወደ ቤት ተመልሼ የኖርኩባቸው ወራት የተለየ ትምህርት ቤት ነበሩ። ከሆስፒታል የተሰጡኝ ከረጢቶች ሲያልቁ በሞያሌ ሱቆች ያለው የስኳር መቋጠሪያ ፌስታል ብቻ ነው። አስካለ ከጨርቅ ቀበቶ ሰፋችልኝና በዚያ እያሰርን ኖርን። ቆዳዬ ሲላጥ ከነርሷ የተላከልን ቅባት አዳነኝ። ባቄላና ጥቅል ጎመን ስበላ እንግዳው ቀኑን ሙሉ ንግግር ያደርጋል፤ ሩዝና ሙዝ ስበላ ረጋ ይላል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት ተናገረ። አስካለ ጎኔ ተቀምጣ ይቅርታ፣ እኔ ነኝ አለች። ያቺ አፍንጫዋን የምትይዝ ሴትዮ ናት ይህን ያለችው።

ከተማው በበኩሉ አልተኛም። መጀመሪያ አርግዛለች፣ ከዚያ አስወርዳለች፣ ከዚያ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ጨርቅ ተረስቷል ተባለ። መጋረጃ ሊገዙ የመጡ ሴቶች መጋረጃውን ትተው እኔን አገላብጠው አይተው ይሄዳሉ። ዮናስ ደግሞ በሰው በኩል ሰርጉ «ጤናዋ እስኪሟላ» እንደተላለፈ ላከልኝ። እንዴት እንደማሟላው አልጠቆመኝም።

በመጨረሻ ሐኪሙ ጊዜው ነው አለና አንጀቴን ቀጠለው። ከዚህኛው ቀዶ ሕክምና በኋላ መላው ክፍል አንድ ነገር ብቻ ይጠባበቅ ነበር፤ አየር። ከወጣ መንገዱ ተከፍቷል፣ ካልወጣ ስፌቱ ያሳስባል። ሐኪሙ በጠዋት ይጠይቃል፣ ነርሷ ትጠይቃለች፣ ጠራጊዋ ሳትቀር ትጠይቃለች። ሰው ፊት ማስነጠስ የሚያሳፍረኝ ሴት፣ ፈሷን ሕዝብ የሚጠብቅላት ሆንኩ። ሲወጣ አስካለ ከወንበሯ ተነስታ ለክፍሉ ሁሉ አወጀች። በሽተኞቹ አጨበጨቡልኝ። የሰርጌን እልልታ የሰማሁት ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ወሬ ሞያሌ ሲደርስ ዮናስ ጤናዬ እንደተሟላ ተረዳ። ሽማግሌዎች ይዞ ቤታችን መጣ። አባቴም መንገዱን አቋርጦ ተገኝቷል። ሽማግሌዎቹ ፈተና እንደነበረ፣ ፈተናው እንዳለፈ፣ ልጁም በትዕግሥት እንደጠበቀኝ አስረዱ። አስካለ በሙሽራው ወገን ትቀመጣለች ብለው ወንበር ይዘውላት ነበር። ገብታ እኔ ጎን ተቀመጠች።

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። ሐኪሙ ደህና ነሽ ብሎኛል አልኩት ዮናስን፤ ግን የሰው ሆድ ነውና ነገ አንድ ነገር ሆኖ እንደገና ቢከፈት፣ አንተ ታጥብልኛለህ?

ዮናስ ፈገግ ብሎ እናቱን አያት።

«ችግር የለም» አለ። «እማዬ አለች አይደል፣ እሷ ትችልበታለች።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቀረቀረ። አስካለ ወደ አባቴ ዞራ፣ ይህችን ልጅ ለዚህ ልጅ አትስጥ፣ እናቱ ነኝ አውቀዋለሁ አለችው። አባቴም አልሰጠም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ ትልቅ ጥበብ ከጠበቃችሁ አዝናለሁ፤ የተማርኩት የሆድ ዕቃ ትምህርት ነው። ሆዳችሁ ተነፍቶ፣ አየርም ሰገራም ቆሞ፣ ማስመለስ ከተጨመረበት፣ የጎረቤት ምክርና የአማት ምርመራ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የእኔ አንጀት የሞተው ሰው ሁሉ ምክሩን ሲያዋጣ ነው። በሆዱ በኩል የሚወጣለት ሰው ካወቃችሁ ደግሞ ሄዳችሁ አትዩት፣ ሄዳችሁ አጫውቱት። ይሠራል፣ ይበላል፣ ይስቃል። የእኔው ተመልሶ ተዘግቷል። የማይዘጋላቸውም አሉ፤ እነሱም ይኖራሉ፣ ከብዙዎቻችን ይልቅ በንጽሕና።

ለነገሩ እኔም ሰው ማየቴን የጀመርኩት ያኔ ነው። በፊት በሸሚዝ ነበር የምለካቸው። አሁንም ሽቶ እቀባለሁ፣ ግን የምፈልገው ሽቶዬን የሚወድ ሳይሆን እጅጌውን ሰብስቦ የሚያጥብልኝ ሰው ነው።

የእኔ ነገር በከተማው ስለታወቀ፣ ከረጢት የተለጠፈለት ሰው ሲኖር ወደ ሱቄ ይልኩታል። አንድ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጭኖ ሲመጣ መኪናው ተገልብጦበት ሆዱ የተጎዳ ወጣት ሾፌር መጣ። የአንሶላ ዋጋ ሲጠይቀኝ ቆየና ሱቁ ባዶ ሲሆን ሸሚዙን ገልጦ አሳየኝ። ቀበቶ እንዴት እንደሚሰፋ፣ ምን እንደሚበላ አስረዳሁት። ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ፣ ሊጠይቅ የመጣውን ጠየቀ።

«እህቴ፣ እንዲህ ሆኖ ሰው ያገባል?»

«ያገባል» አልኩት። «እንደ እኔ ዕድለኛ ከሆነ ደግሞ ሳያገባ ይተርፋል።»

ስፌቱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ እያመመው ሳቀ።